በሹክሹክታ የተመረጥኩ ዕለት

የከተማ ሰው መሆናችንን ያወቅነው በሬዎቻችን የታሰሩ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የነገረን አልነበረም። ጠዋት ከብቱን እንደ ወትሮው መስክ ለቀን ወደየሥራችን ሄድን፤ ከሰዓት በኋላ ብንመለስ መስኩ ባዶውን ተንጣሏል። አንዲት ያመማት ጊደር ብቻ ተኝታ ታመሰኳለች። ሽፍታ ነው ብለን ጠመንጃ ያለው ጠመንጃ፣ የሌለው ዱላ ይዞ ዱካውን ተከተልን። ዱካው ግን ወደ ቆላ አልወረደም፤ ጣሊያን የሠራውን አስፋልት ይዞ ቀጥ ብሎ ጎንደር ገባ። ከብት ዘርፎ ወደ ከተማ የሚገባ ሽፍታ ሰምተን አናውቅምና እርስ በርሳችን ተያየን።

በሬዎቹን ያገኘናቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የጠመንጃችንን ብዛት አይቶ ደንገጥ ቢልም ቃሉን አልለወጠም።

«በከተማ ክልል ውስጥ ከብት መልቀቅ ክልክል ነው» አለን።

«የቱ ከተማ?»

«የናንተ አገር ነዋ! ወደ ከተማ ተጠቃሏል እኮ። አልሰማችሁም?»

ክው አልን። ሰው ከተማ ይገባል፤ አህያ ይገባል፤ ማርና ቅቤ ይገባል። አገር ከነመስኩ ተነሥቶ ከተማ ሲገባ ግን በአባቶቻችን ዘመንም አልተሰማ። እኛ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፍ ብሎ ባለው ተረተር ላይ ገብስና ሽምብራ እየዘራን የምንኖር ባላገሮች ነን። ከመሃላችን ከቅዳሜ ገበያ አልፎ ጎንደርን የማያውቅ ሞልቶ ነበር። ዘበኛው እንደሚለው ከሆነ እኛ ተኝተን ሳለ ከተማው በላያችን አልፎ ሄዷል። ለማንኛውም የተባልነውን ቅጣት ከፍለን በሬዎቻችንን እየነዳን ተመለስን።

በማግስቱ ግብሩንም ጠቡንም ሲያይልን የኖረው ጭቃ ሹማችን አቤት ሊል ወደ ወረዳው ግዛት ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «እናንተ ከእንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ናችሁ፣ እኛን አታድርቁን አሉኝ» አለን። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ ራሱም ገና እየሰማው እንዳለ ሰው፣ «እኔም ተሽሬያለሁ። ከተማ ውስጥ ጭቃ ሹም የለም ተባልኩ» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሹመቱ ከአያቱ የመጣ ነበር።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሽማግሌዎች ላክን። እዚያም ያገኙት መልስ፣ በከተማው ምክር ቤት ሰው የሚኖረው ለሰፈር ብቻ ነው፣ እናንተ ሰፈር ሳትሆኑ ገጠር ናችሁ የሚል ነበር። ከብት ስንለቅ የከተማ ሰው፣ አቤት ስንል ባላገር ሆንን ማለት ነው። እኔ ከተፈጥሮዬ ግልፍ የምል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ትዳር ይዤ፣ ጠንከር ብዬ፣ የማልፈራ ጎልማሳ ነበርኩ። ደሜ ፈላ።

አዲስ ዓለም ሰፈር ማርና ቅቤ የማቀርብለት አንድ ሙስሊም ነጋዴ ወዳጅ ነበረኝ። ወዳጅነታችን ከአባቶቻችን የመጣ ነው። እቤቱ ስሄድ ሥጋ የሆነ እንደሆነ የኔን ድርሻ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ያስመጣልኛል፤ እሱም እኛ ዘንድ ሲመጣ ዶሮውን በገዛ እጁ ያርዳል። እንደዚያ እንደበሸቅኩ ሱቁ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ስዘረግፍለት ሰምቶኝ ሲያበቃ ሚዛኑን ወደ ጎን አደረገው።

«ሰውየው፣ ቁጣህን ለሚስትህም አታሳያት። ምክር ቤቱ ውስጥ ከየሰፈሩ ተመርጦ የሚቀመጥ ሰው አለ። እኛም ሰው ያገኘነው ስንት ደጅ ጠንተን ነው። እናንተ ማን አላችሁ? በሬያችሁን ሲያስሩ ማን ይናገርላችኋል?»

«ማን ይሰጠናል!»

«ብቻህን አትሂድ። አጥቢያውን በሙሉ ይዘህ ሂድ። አትሳደቡ፣ ጠመንጃ አትያዙ፣ ግን አትመለሱ። እስኪሰለቻቸው።»

ይህን ምክር ይዤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተናገርኩ። የተነሣው ጫጫታ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ፣ ሰው ስጡን ማለት ከተማ መሆናችንን ማመን ነው አለ፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ሌላው ወንበር ላይ የተቀመጠ ባላገር ያው ከነሱ ወገን ይሆናል አለ። ነገሩን የቆረጡት የክርስትና አባቴ ናቸው። በአገሩ የተፈሩ፣ በአነጋገራቸው ሰው የሚያስቁ፣ ለኔ ደግሞ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት የሆኑኝ ሽማግሌ ነበሩ። ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና፣ «በሬው ገብቶ የለም ወይ? ሰውስ ቢገባ ምን አለበት!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከዛሬ ይደንቀኛል። እርስ በርሱ በድንበር ሲካሰስ የኖረ ሰው ተስማማ። መንደር በመንደር ተራ ወጣ፤ አንዱ መንደር ማዘጋጃ ቤት ደጅ ለመቆም ሲሄድ ሌላው ከብቱን ይጠብቅለታል፣ አረሙን ያርምለታል። ጠዋት ጠዋት ነጠላችንን አደግድገን በሩ ላይ እንሰለፍና የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከማኪናው ሲወርድ በአንድ አፍ «አቤት!» እንላለን። ሲወጣም «አቤት!» ሴቶቹ ተራቸው ሲደርስ ድምፃቸው ከኛ ይልቅ ይሰማ ነበር፤ የኔይቱ ሚስትማ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኻ ለቀናት በምልክት ነበር የምታናግረኝ። ሹሙ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ መልስ መስጠት ተወ፣ በመጨረሻ «ይታያል» አለ። እኛም ተስፋችን ለመለመ። እኔ እንደውም ብመረጥ ብዬ አልፎ አልፎ በልቤ አስብ ነበር፤ መንገዱን ያመጣሁት እኔ፣ ከተማውንም የማውቀው እኔ ነኝና። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በመሃል ቀያሾች መጡ። ቤቴ መንገድ ዳር ስለሆነ ሦስት እግር ያለውን ብረታቸውንና ገመዳቸውን የሚጭኑበት በቅሎ ለምነው ከኔ ወሰዱ። እኔም ምን ሊለኩ እንደመጡ ልወቅ ብዬ በቅሎዬን እየሳብኩ አብሬ ዋልኩ። ያየሁትን ማታውኑ ለሰዉ ነገርኩ፤ መስካችን ላይ አዲስ ሰፈር ሊሠራ ነው፣ ቶሎ ምክር ቤት ካልገባን ከብቱ ሣር አያገኝም አልኩ። ሰሙኝ። ነገር ግን በኛ አገር ቀላድ የሚባለው የመሬት መለኪያ ገመድ ስሙ ሲነሣ ሴቶች ማማተብ የሚጀምሩበት፣ ወንዶች ጠመንጃቸውን የሚወለውሉበት ነገር ነው። ርስት በቀላድ ከተለካ ርስትነቱ ቀረ ብሎ ሕዝቡ ያምናል። ያ ገመድ በኔ በቅሎ ጀርባ ላይ ሆኖ መስኩን ሲዞር አገር ሁሉ አይቷል። ከዚያ ወዲያ ሰላምታው ቀዝቀዝ አለብኝ፤ እኔ ግን የሁዳዴ ጾም ነው ሰዉን ያደከመው አልኩ።

ቀያሾቹ የተከሏቸው ችካሎች ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ሳይቀር ተነቀሉ። ማን እንደነቀላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ያላገቡት ጎረምሶች ናቸው፤ ከፊት ያለው ደግሞ የክርስትና አባቴ ልጅ ነው። ማንም ግን ቃል አልተነፈሰም። ወዲያው ከማዘጋጃ ቤቱ ለፋፊ መጣ። አባወራ የሆነ ሁሉ መስኩ ላይ እንዲሰበሰብ፣ የቀረ እንደሚቀጣ አወጀብን።

«አውጫጭኝ ነው» አለ ሰዉ። እኔም ያንኑ ገምቼ ነበር። አውጫጭኝን የማያውቅ የዛሬ አንባቢ ቢኖር፣ በኛ አገር ሌብነት ሲፈጸም ጥፋተኛው የሚፈለገው እንዲህ ነበር፤ ያካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ እያንዳንዱ እየተነሣ የጠረጠረውን ሰው ስም በሹክሹክታ ይናገራል። ከማን ሰማህ ቢሉት «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ስሙ የበዛበት ሰው ይያዛል።

ዕለቱ ሲደርስ ዘበኞቹ መስኩን ከበው ቆመዋል። ጠረጴዛና ወንበር ከማኪና ላይ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጸሐፊው እዚያ ላይ ተሰይሟል። ሹሙ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ የመጣ፣ ኮቱን በዚያ ፀሐይ የማያወልቅ ሰው ነበር። መጀመሪያ ስለ ችካሎቹ እየጮኸ ተናገረ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ የነቀለው ይደረስበታል፣ ወህኒ ይወርዳል አለ። ከዚያ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሁለተኛው ጉዳይ፣ ስትጮኹበት የከረማችሁት ተወካይ ተፈቅዶላችኋል። ከናንተ መካከል አንድ ሰው ምክር ቤት ይገባል። ማንም ማንንም እንዳይፈራ፣ እያንዳንድሽ እየመጣሽ የምትፈልጊውን ሰው ስም ለጸሐፊው በጆሮው ንገሪ» አለ። ሹሞች ሕዝብን እንዲያ ይጠሩ ነበር።

ጆሮዬን አላመንኩም። ያን ያህል ጊዜ ደጅ ጠንተን ያላገኘነው ነገር እንዲህ በአፍ ጫፍ ይሰጠናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደስታዬን ለሰው ላካፍል ወደ ጎን ወደ ኋላ ብዞር ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሰዉ ደንግጦ ነው አልኩ፤ እኔስ ደንግጬ የለም? ከዚያ አንድ ባንድ እየተነሡ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ጎንበስ ይላሉ፣ በጸሐፊው ጆሮ አንዲት ነገር ይላሉ፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የክርስትና አባቴ ከሁሉም ቀድመው ነበር የሄዱት። ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ፤ ግን አላዩኝም።

የኔ ተራ ሲደርስ የራሴን ስም መናገር ነውር መስሎ ታየኝ። ምኞቴን ዋጥ አደረግኩና ልቤ ያመነበትን፣ የክርስትና አባቴን ስም ተናገርኩ። በአደባባይ ከሳቸው የበለጠ የሚናገር ሰው አልነበረንም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ።

ጸሐፊው ቆጥሮ ጨረሰና ለሹሙ አሳየው። ሹሙ ሳቀ፤ እንዲህ የተስማማ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለ። የኔን ስም ጠራ። ከአንድ ሰው በቀር ሁላችሁም እሱን ብላችኋል፤ ያ አንዱም እኚህን ሽማግሌ ነው ያለው ብሎ የክርስትና አባቴን ስም ጨመረ። ዞር ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ደም አልነበረውም። ለእሳቸው ያንድ ሰው ድምፅ ብቻ መሆኑ ከፍቷቸው ነው ብዬ አዘንኩ።

እኔማ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ወደ ፊት ወጣሁና ለሹሙ እጅ ነሣሁ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሬም ንግግር አደረግኩ። አደራችሁን እበላለሁ ብላችሁ አትስጉ፣ መስካችሁን አስከብራለሁ፣ ስማችሁን በትልቁ ቤት አስጠራለሁ፣ የማልለው ነገር አልነበረም። እልል ይላሉ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ሰው እንኳ ቀና አላለም። ሹሙና ጸሐፊው ጠረጴዛቸውን ጭነው፣ ዘበኞቹንም ሰብስበው ማኪናዋን አስነሡ። ሰዉ መጀመሪያ ማኪናዋን፣ ከዚያ እኔን፣ እንደገና ማኪናዋን ያይ ጀመር። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ እንዲያ አፉን ከፍቶ ቆየ። እኔ የዋሁ፣ ክብሬ ነው እንዲያ ያፈዘዛቸው አልኩ።

ለሚስቴ ላበስር እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ወደ ቤት ወጣሁ። አጥሬን ሳልፍ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የኔ እርሻ ላይ ብዙ ጥማድ በሬ ተሰልፎ ይታረሳል፤ ግማሹ እንደውም አልቆ አፈሩ ጥቁር ብሏል። ያን ቀን ደቦ አልጠራሁም። የማንንም ውለታ አልጠየቅኩም። እርፍ የያዙት ጎረምሶቹ ናቸው፤ እነዚያው ችካል ነቃዮቹ። ከፊት የክርስትና አባቴ ልጅ አለ። እኔን ሲያይ በሬዎቹን አስቁሞ ደርቆ ቀረ።

«እንዴ!» አለኝ። «አልወሰዱህም?»

«የት ነው የሚወስዱኝ?»

ልጁ እርፉን ይዞ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ከኋላው የነበረው፣ እሱ እንኳ ነገር ማሳመር የማይችለው፣ «ወህኒ ነዋ። እስክትፈታ እርሻህ እንዳይጎድል፣ ልጆችህ እንዳይቸገሩ ተብሎ፣ እኛ እንድናርስልህ ተማምለናል። አጨዳውንም ጭምር» አለኝ።

ቤት ስገባ ሚስቴ በቁና በሶ ሰፍራ፣ ጋቢዬን አጥፋ፣ ስንቁን በስልቻ አስራ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ጎረምሶቹ ለማረስ ሲመጡ «አይዞሽ» ብለዋት ነበርና ከኔ ቀድማ አውቃለች። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ስንቁን ራስህ ልትወስድ መጣህ?» አለችኝ። እንደ ሕፃን ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያን ያህል ሰው፣ ያሳደገኝ፣ ያጨደልኝ፣ አባቴን የቀበረልኝ ሰው፣ ተራ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወስዳችሁ እሰሩልን ብሎ ስሜን ጠራ። እኔ ደግሞ ቆሜ አመሰገንኩት!

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። በኛ አገር ሰው ሲሾም ይጮኽለታል፤ በአደባባይ ይወደሳል፣ ሽማግሌ ይመርቀዋል። በሹክሹክታ ስሙ የሚጠራ ሌባ ብቻ ነው። ሹሙ ስለ ተወካይ የተናገረውን ሁሉም ሰምቷል፤ ያመነው ግን ከኔ በቀር አልነበረም። ስንለምነው የከረመ ሹም ችካሉ በተነቀለ ሰሞን፣ በዘበኛ አስከብቦ፣ የምትፈልጉትን ሰው በጆሮ ንገሩኝ ሲል፣ የችካል ነቃዮቹን አለቃ አምጡ ማለቱ ነው ብለው ተረዱት። ስም መስጠት እንደማይቀርላቸው ደግሞ ከዋዜማው ገምተው ነበር። ለዚህም የማንን ስም እንደሚሰጡ ያለ እኔ ተሰብስበው ተስማምተዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ደጄ ላይ ተደፉ። ከፊት የክርስትና አባቴ ናቸው።

«ምነው? ምን አድርጌያችሁ ነው?» አልኩ።

«አንተ ከተማ ሰው አለህ፤ ነጋዴው ወዳጅህ ያስፈታሃል ብለን ነው» አለ አንዱ።

«ቀላዱን በበቅሎህ አምጥተህብን የለም ወይ!» አለ ሌላ፣ ከኋላ፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ።

የክርስትና አባቴ ሁለቱንም ዝም አሰኙ። «እኔ ነኝ ስምህን ያነሣሁት» አሉ። «ልጄ ነው ችካሉን የነቀለ። ታውቃለህ። አንዱን ልጄን ለማዳን ሌላውን ልጄን ሰጠሁ። ሸጋ ነገር አይደለም። ፍረድብኝ።»

ምን ልፍረድ? ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እውነት እንደነበረ፣ ወዳጅ ስላለኝ ይሁን ከዳተኛ መስዬያቸው ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ጠላት ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ጠላት ደግሞ እርሻ አያርስልህም። ይሄኔ ሚስቴ ከውስጥ ወጣች። «በሉ ድንጋዩን አውርዱት፤ ደጄን አታጣቡት» አለቻቸው። እሷ ነች ያስታረቀችን ማለት ይቻላል።

ምክር ቤት አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር። በሳምንቱ ግን በሬ ታሰረ፤ የታሰረውም የኔው በሬ ነው። ያን ጊዜ ማህላዬን ትቼ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሹሙ ካነሣው ነገር የመጀመሪያው፣ የሕዝቡ ሰው አንተ ነህና ችካሉን ማን ነቀለ የሚል ነበር። አላውቅም አልኩ። እርሻዬ ላይ እርፍ የያዙት ልጆች ፊታቸው በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ስለ መስኩ ተናገርኩ፤ የተናገርኩት በቁጣ ነበርና ነጋዴው ወዳጄ ቢሰማኝ ያፍርብኝ ነበር። ሆኖም ስለ ከብት ጉዳይ ሲከራከሩ ውለው፣ ሰፈሩ እስኪሠራ ድረስ ከብታችን በመስኩ እንዲሰማራ፣ የሚይዝም ዘበኛ እንዳይኖር ወሰኑልን።

ያን ዕለት የክርስትና አባቴ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲጠብቁኝ ውለዋል። ውሳኔውን ስነግራቸው ግንባሬን ሳሙኝ። በአስፋልቱ ዳር ዳር እየሄድን፣ በሬዬን ከፊታችን እየነዳን፣ እንደ ድሮው ያስቁኝ ጀመር። ቂሜ የቀለለ መሰለኝ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ግን ቆም አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ያን ቀን እኔን የጠራ አንድ ሰው አለ አለ ሹሙ። ኸዚያ ወዲህ እህል አይበላልኝም። የማንን ድንበር ገፋሁ? ማንን በደልኩ?»

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያስጨንቃቸው መክረሙ አሳዘነኝ፤ እውነቱን ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸውም አልተጠራጠርኩም።

«እኔ ነኝ አያ» አልኳቸው።

«አንተ?»

«እኔ ነኝ። ለወንበሩ እኮ ነው! አንቱን የመሰለ ተናጋሪ የት ይገኛል? ምክር ቤት እንዲገቡ ብዬ ነው።»

ለብዙ ጊዜ አዩኝ። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ኀዘኔታ ነበር። የዋሸ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ።

«ለወንበር» አሉ።

«እመቤቴን!»

«ተወው ልጄ፣ አትማል» አሉኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ፣ ትንፋሻቸውም ከዚያ በፊት ተሸክመውት የነበረውን ሁሉ ይዞ ወጣ። «እንግዲያውስ እኩል ነን።»

ዘንጋቸውን አንሥተው ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ተያያዙት። እኔ በሬዬን ይዤ መንገዱ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ብዙ ዓመት ኖሩ ከዚያ በኋላ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠሩኛል፣ ከእጃቸው ያጎርሱኛል፣ ልጆቼን ይመርቁልኛል። እስኪሞቱ ድረስ ይቅር እንዳሉኝ ያምኑ ነበር።